የቶሚዮካው ግራኝ

ከቶኪዮ መሐል ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር ቾፉ ከተማ ውስጥ ቶቢታክዩ በሚባል ትንሽ ጣቢያ ይቆማል። ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ በኮሹ ጎዳና ዳር፣ የ1964ቱ የኦሊምፒክ ማራቶን ሯጮች ዞረው የተመለሱበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት ተተክሏል። አበበ ቢቂላ ሁለተኛ ወርቁን ባገኘበት ሩጫ ፊቱን ወደ ስታዲየሙ የመለሰው እዚህ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያው ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ በእግር የሄደ ሰው ሙሳሺኖ የተባለው ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ይደርሳል። በወረርሽኙ ምክንያት አንድ ዓመት በዘገየው የ2020 ኦሊምፒክ የባድሚንተን ውድድር የተካሄደው በዚህ አዳራሽ ነበር።

ጁላይ 28 ቀን 2021 ኬንቶ ሞሞታ ወደ ሜዳው ሲገባ 26 ዓመቱ ነው። የዓለም ቁጥር አንድ ነው፤ የዓለም ሻምፒዮናን ሁለት ጊዜ አሸንፏል። ተጋጣሚው ደቡብ ኮሪያዊው ሄዎ ክዋንግ ሂ በዓለም ደረጃ 38ኛ ነው። ጃፓናዊው ካሸነፈ ሩብ ፍጻሜ ገባ ማለት ነው። ለዓመታት ሕዝብ ሞልቶ፣ ባንዲራ ተውለብልቦ ይታሰብ የነበረው ቀን ግን በባዶ ወንበሮች መሐል ደረሰ። ተመልካች እንዳይገባ ተከልክሏል። የጫማ ሲጢጥታ፣ የራኬት ድምፅ፣ የአሰልጣኞች ጥሪ ብቻ። ሞሞታ 21 ለ 15፣ ከዚያም 21 ለ 19 ተሸነፈ። ኦሊምፒኩ በምድብ ጨዋታ አበቃ።

ያንን ጨዋታ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። በየጊዜው ዓይኔ የሚያርፈው ኳሷ በምትወድቅበት ቦታ ላይ ነው። ያ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን መስመር ላይ ያሳርፋት የነበረችው ከመስመር ትወጣለች፤ መረቡን ልሳ ታልፍ የነበረችው መረቡ ላይ ትቀራለች። ልዩነቱ የጣት ስፋት ያህል ነው። ስለ ኬንቶ ሞሞታ መጻፍ የፈለግሁት በዚያች የጣት ስፋት የተነሣ ነው።

አገራችን ውስጥ ባድሚንተን በቴሌቪዥን እምብዛም ስለማይታይ ስለ ኳሷ ጥቂት ልበል። በትልልቅ ውድድሮች የምትመታዋ ኳስ 16 የዝይ ላባዎች በቡሽ ላይ ተሰክተው የተሠራች ናት። ክብደቷ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። ከላይ ወደ ታች በሙሉ ኃይል የሚመታው ምት፣ ስማሽ የሚባለው፣ ኳሷን ከራኬቱ ሲያስነሣት በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ልትፈጥን ትችላለች። ላባዎቹ ግን እንደ ጃንጥላ አየር ስለሚይዙ ወዲያው ትደክማለች፤ በጣም ተመትታ የተነሣችው ኳስ ሜዳው ማዶ ስትደርስ ፍጥነቷ ከግማሽ በታች ወርዷል። መረቡ አጠገብ ደግሞ ተጫዋቾች በእጅ አንጓ ብቻ ነካ አድርገው፣ እያሽከረከሩ፣ ከመረቡ ጫፍ በላይ ለጥቂት ያሻግሯታል። የአዳራሹ ማቀዝቀዣ የሚልከው ነፋስ እንኳ አቅጣጫዋን ይለውጣል። በአንድ የነጥብ ፍልሚያ ውስጥ ከሁሉ የበረታው ጉልበትና ከሁሉ የሳሳው ንክኪ ተከታትለው ይመጣሉ። ይህንን የሚያስታርቀው ዓይን ነው። ኳሷ የት ናት፣ መቼ ትደርሳለች፣ ከራኬቴ ምን ያህል ትርቃለች የሚለውን በሰከንድ ክፋይ የሚለካ ዓይን።

ሞሞታ ግራኝ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ነው፤ ከሱ በኋላ ዘመኑን የያዘው ዴንማርካዊው ቪክቶር አክስልሰን 1 ሜትር ከ94 ነው። በምቱ ኃይል ከሱ የሚበልጡ ብዙ ነበሩ። የሱ ችሎታ መረቡ ላይ ነው። ራኬቱን ከኳሷ ሥር አስገብቶ ለአፍታ ይቆያል፤ ተጋጣሚው ወደ ፊት ትመጣለች ብሎ ሲንደረደር እሱ ወደ ኋላ ይሰዳታል፤ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ጊዜ ደግሞ መረቡ ሥር ጠብ ያደርጋታል። ሌላው ሰው ሲሮጥ እሱ የሚራመድ ይመስላል። ጨዋታውን ላላየ ሰው ይህን በቃል ማስረዳት ያስቸግራል፤ በ2019 ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ያየ ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

የተወለደው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1994፣ ሺኮኩ በምትባለው ደሴት፣ ካጋዋ ክፍለ ግዛት፣ ሚኖ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ኬንቶ ያሉት ከሱፐርማን ሌላ ስም፣ ከክላርክ ኬንት ወስደው ነው፤ ልጃቸው ጠንካራ እንዲሆንላቸው። ራኬት የጨበጠው በሰባት ዓመቱ፣ ታላቅ እኅቱን ተከትሎ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለ የአገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሻምፒዮን ሆነ። ያኔ ቤተሰቡ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ፤ ልጁ ከደሴቱ ወጥቶ፣ ከቶኪዮም አልፎ በሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ፉኩሺማ ሄዶ እንዲማር።

መድረሻው ቶሚዮካ ነበረች። በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለች፣ 16 ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት ከተማ ናት። ዮኖሞሪ በተባለው ሠፈሯ የቼሪ ዛፎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቃቅፈው በሚያዝያ እንደ አበባ ዋሻ ይሆናሉ። የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ከመላው ጃፓን ልጆች እየተቀበሉ፣ በአዳሪ ቤት እያሳደሩ፣ ባድሚንተን ያስተምሩ ነበር፤ የሚያሠለጥናቸውም ኢንዶኔዥያዊ ነበር። ይህ በዘፈቀደ የመጣ አልነበረም። ጃፓን በ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ በባድሚንተን አፍራ ከተመለሰች በኋላ በ1992 ለኮሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣውን ፓርክ ጁ ቦንግን የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ አድርጋ ቀጥራ ነበር። እንደ ቶሚዮካ ያሉ ትምህርት ቤቶች ልጅ ያሳድጉ ነበር፣ ፓርክ ደግሞ ያደጉትን ይወስድ ነበር። ሞሞታ ለሠፈሩ ሰዎች ያለውን ምስጋና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ሲናገር ኖሯል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ ሲመጣ የሚያሳድገው ከተማው ነውና።

ማርች 11 ቀን 2011 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ምድር ተናወጠች፤ ባሕሩም ተነሣ። የቶሚዮካን ባቡር ጣቢያ ሱናሚው ጠርጎ ወሰደው። ከተማዋ በሁለት የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች መካከል ያለች ናት፤ አንደኛው፣ ፉኩሺማ ዳይኒ የተባለው፣ ከፊሉ በራሷ መሬት ላይ የቆመ ነው። አደጋ የደረሰበት ዳይቺ ደግሞ ከሰሜኗ አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። በማግሥቱ ጠዋት ነዋሪው ሁሉ ከተማዋን ለቅቆ ወጣ። ለሁለት ለሦስት ቀን የመሰላቸው ሰዎች የበራቸውን ቁልፍ ብቻ ይዘው ሄዱ፤ ከተማዋ ለስድስት ዓመት ባዶዋን ቀረች።

ሞሞታ ያን ቀን ለልምምድ ኢንዶኔዥያ ነበር። የ16 ዓመት ልጅ ነው። የሚመለስበት አዳሪ ቤት፣ የሚለማመድበት አዳራሽ፣ ደብተሩና ልብሱ ሁሉ ማንም በማይገባበት ክልል ውስጥ ቀሩ። መጀመሪያ ወደ ወላጆቹ ደሴት ሄደ። ሌላ ትምህርት ቤት መግባት ይችል ነበር። የቶሚዮካ ቡድን ግን ከባሕሩ ርቆ በፉኩሺማ ተራሮች መሐል፣ ኢናዋሺሮ በተባለ የሐይቅ ዳር ከተማ እንደገና ሲሰባሰብ እሱም ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ተቀላቀለ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2012፣ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በቶኪዮ አጠገብ በቺባ ተካሄደ። ሞሞታ በፍጻሜው ቻይናዊውን ሹዌ ሶንግን በሦስት ዙር አሸንፎ በወንዶች ነጠላ ውድድር ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ። በዚያው ውድድር የሴቶቹን ፍጻሜ ኖዞሚ ኦኩሃራና አካኔ ያማጉቺ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያት ልጃገረዶች ተጋጥመው ኦኩሃራ አሸነፈች፤ ሁለቱም ኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ለአገሪቱ ባድሚንተን ያ ሳምንት የአዝመራ ሳምንት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ2013 ኤንቲቲ ኢስት በተባለው የስልክ ድርጅት ቡድን ውስጥ ገባ፤ ጃፓን ውስጥ ብዙ ስፖርተኞች የሚኖሩት የድርጅት ሠራተኛ ሆነው ነው። በግንቦት 2014 በኒው ዴልሂ ጃፓን ቻይናን በግማሽ ፍጻሜ 3 ለ 0፣ ማሌዥያን በፍጻሜ 3 ለ 2 አሸንፋ የወንዶች የቡድን ዋንጫ የሆነውን ቶማስ ካፕን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። ከሦስቱ የፍጻሜ ድሎች አንዱን ያመጣው የ19 ዓመቱ ሞሞታ ነው። በ2015 የሲንጋፖርንና የኢንዶኔዥያን ውድድሮች አሸነፈ፤ ከዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ይዞ ተመለሰ፤ በዓመቱ ማብቂያ ዱባይ ላይ የዓመቱ ምርጦች የሚገናኙበትን የፍጻሜ ውድድር አሸነፈ። በ2016 የጸደይ ወራት የዓለም ሁለተኛ ነበር፤ የሪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ አራት ወር ቀርቶታል።

በሚያዝያ ወር ሞሞታና አንድ የብሔራዊ ቡድኑ አንጋፋ ተጫዋች ሕገ ወጥ የቁማር ቤት ይሄዱ እንደነበር ታወቀ። ጃፓን ውስጥ በፈረስና በጀልባ እሽቅድምድም ላይ መወራረድ ይፈቀዳል፤ ካዚኖ ግን ያኔ ክልክል ነበር፤ እንዲህ ያሉትን ቤቶች የሚያንቀሳቅሱትም ብዙ ጊዜ የወንጀለኞች ቡድኖች ናቸው። ፀጉሩን ቀለም መቀባት፣ ማጌጥ የሚወደው የ21 ዓመት ወጣት ጥቁር ልብስ ለብሶ በካሜራዎች ፊት አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቀ። ፌዴሬሽኑ ላልተወሰነ ጊዜ አገደው። ሪዮ ቀረ። ድርጅቱ አንጋፋውን ሲያሰናብት ሞሞታን ግን በሥራው አቆየው።

ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ላቀልለው አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን ሊነገር ይገባዋል። በእገዳው ወራት መወዳደር አይችልም፤ ስለዚህ ሮጠ። ቀድሞ በተሰጥኦው ላይ ተማምኖ ሩጫንና የጉልበት ልምምድን ችላ ይል እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በግንቦት 2017 ሳይታማ ውስጥ በተደረገው የአገር ውስጥ ውድድር ተመለሰና አሸነፈ። ደረጃው ወድቆ ስለነበር ወደ ትልልቆቹ መድረኮች መግባት አይችልም፤ በቤልጂየም፣ በቼክ፣ በኔዘርላንድስ፣ በማካው በተካሄዱ አነስ ያሉ ውድድሮች እየተጫወተ፣ እያሸነፈ፣ ነጥቡን አንድ በአንድ ለቀመ። የዓለም ሁለተኛ የነበረ ሰው በትንንሽ አዳራሾች፣ ጥቂት ሰው በተቀመጠበት፣ ከማይታወቁ ተጫዋቾች ጋር። እኔ የሞሞታን ታላቅነት ስፈልግ ከዋንጫዎቹ በፊት ወደዚያ ዓመት እመለሳለሁ።

በ2018 ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ተመለሰ። በሚያዝያ ዉሃን ላይ ማሌዥያዊውን ሊ ቾንግ ዌይንና ቻይናዊውን ቼን ሎንግን በተከታታይ አሸንፎ የእስያ ሻምፒዮን ሆነ። በነሐሴ ናንጂንግ ላይ ቻይናዊውን ሺ ዩቺን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት 21 ለ 11፣ 21 ለ 13 ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በወንዶች ነጠላ ከጃፓን የመጀመሪያው ነው። በሴፕቴምበር የዓለም ቁጥር አንድ ሆነ፤ በዚህም በወንዶች ነጠላ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ነው።

ከዚያ 2019 መጣ። ያን ዓመት 73 ጊዜ ተጫውቶ 67 ጊዜ አሸነፈ። አሥራ አንድ ዋንጫ አነሣ፤ አንድ ተጫዋች በአንድ ዓመት ይህን ያህል የወንዶች ነጠላ ዋንጫ ወስዶ አያውቅም፤ የቀድሞው ክብረ ወሰን የማሌዥያዊው ሊ ቾንግ ዌይ 10 ነበር። በርሚንግሃም ላይ አክስልሰንን አሸንፎ ኦል ኢንግላንድ የተባለውን ጥንታዊ ውድድር ወሰደ። በባዝል የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ዴንማርካዊውን አንደርስ አንቶንሰንን 21 ለ 9፣ 21 ለ 3 አሸነፈ። በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ በአንድ ሙሉ ዙር ሦስት ነጥብ! አንቶንሰን ደካማ ተጫዋች አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ግን ኳሷ የት እንደምትሄድ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የቶኪዮ ኦሊምፒክ ስድስት ወር ቀርቶታል። መንግሥት ጨዋታዎቹን ከ2011ዱ አደጋ የማገገሚያ ኦሊምፒክ ብሎ ሰይሟቸው ነበር፤ በፉኩሺማ ያደገው ቁጥር አንድ ተጫዋች ደግሞ የዚህ ሁሉ ተስፋ ፊት ሆነ።

ጃኑዋሪ 12 ቀን 2020 ኩዋላ ላምፑር ላይ አክስልሰንን 24 ለ 22፣ 21 ለ 11 አሸንፎ የዓመቱን የመጀመሪያ ዋንጫ አነሣ። በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ወደ አየር ማረፊያ ይወስዳቸው የነበረው ሚኒባስ በፈጣን መንገዱ ላይ ከፊቱ ከነበረ የጭነት መኪና ጋር ከኋላው ተጋጨ። ሹፌሩ ሕይወቱ አለፈ። ይህ በስፖርት ዘገባዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ሐረግ የሚታለፍ ነገር ነው፤ ያን ሌሊት እንግዶችን አድርሶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወጣት ሠራተኛ ነበር፤ አልተመለሰም። ሞሞታና አብረውት የነበሩት ሦስት ሰዎች ቆስለው ተረፉ። እሱ ፊቱ ተተልትሎ አፍንጫው ተሰብሯል።

አገሩ ገብቶ ቁስሉ ደርቆ ልምምድ ሲጀምር አንዲቷ ኳስ ሁለት ሆና ታየችው። ሐኪሞች ሲመረምሩት ዓይኑን ተሸክሞ የሚይዘው ስስ አጥንት መሰንጠቁ ታወቀ። ይህ አጥንት ሲሰበር ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ሊያዙ ይችላሉ፤ ሁለቱ ዓይኖች አብረው መዞር ያቅታቸውና አንዱ ነገር ሁለት ይሆናል። በተለይ ሽቅብ ሲያዩ። ባድሚንተን ደግሞ ሽቅብ የማየት ጨዋታ ነው። በፌብሩዋሪ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በማርች 24 ኦሊምፒኩ በአንድ ዓመት ተራዘመ፤ ብዙዎች ለሞሞታ ከሰማይ የወረደ ዕድል ነው አሉ። እኔም ያኔ እንደዚያ አስቤ ነበር።

በዲሴምበር 2020 የመላው ጃፓን ሻምፒዮናን አሸነፈ። በጃኑዋሪ 2021 ወደ ታይላንድ ሊበር ናሪታ አየር ማረፊያ ላይ ሲመረመር ኮሮና ተገኘበት፤ ቡድኑ በሙሉ ከጉዞው ቀረ። በማርች በርሚንግሃም ላይ፣ ከአደጋው በኋላ ባደረገው የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ውድድር፣ በማሌዥያዊው ሊ ዚ ጂያ በሩብ ፍጻሜ ተሸነፈ። ስለዚህ ወደ ሙሳሺኖ አዳራሽ የገባው ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ውስጥ ከውጭ ተጫዋቾች ጋር ምንም ያህል ሳይጋጠም ነው። ቁጥር አንድነቱ የቆመው በአብዛኛው በ2019 ድሎቹ ላይ ነበር። ያንን እሱ ከማንም በላይ የሚያውቀው ይመስለኛል።

እሱ በወደቀ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ፣ ዩታ ዋታናቤና አሪሳ ሂጋሺኖ በቅይጥ ጥንድ የሆንግ ኮንግን ጥንድ አሸንፈው ነሐስ ወሰዱ፤ ለጃፓን በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። ሁለቱም የቶሚዮካ ልጆች ናቸው። ከሞሞታ በዕድሜ ያንሳሉ፤ እነሱም በዚያው አዳሪ ቤት ያደጉ፣ ወደ ኢናዋሺሮ የተሰደዱ ናቸው። ስለዚያ ሳምንት ሲወራ የሞሞታ ውድቀት ብቻ ሲነሣ ቅር ይለኛል። የከተማዋ ስም መድረኩ ላይ ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ ሞሞታ ሦስት ዓመት ያህል ተጫወተ። በኖቬምበር 2021 ባሊ ላይ አንቶንሰንን አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሣ ተመለሰ የተባለለት ጊዜ ነበር። አልተመለሰም። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና በገዛ አገሩ፣ በቶኪዮ፣ ሲካሄድ በሁለተኛው ዙር በሕንዳዊው ፕራኖይ ተሸነፈ። በመጀመሪያ ዙር የሚወጣባቸው ውድድሮች በዙ። ወገቡን ታመመ። በየሳምንቱ ግን ይመጣል፤ ቀድሞ ሦስት ነጥብ የሚሰጣቸው ዓይነት ተጫዋቾች ሲያሸንፉት እጃቸውን ጨብጦ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ከተማ ይገኛል። በትንንሽ አዳራሾች የጀመረውን የ2017ን ዓመት አስታውሶኛል፤ ያኔ ግን ሰውነቱ ይታዘዝለት ነበር።

በኖቬምበር 2023 ጉዋንግጁ ላይ፣ ኮሪያ ማስተርስ በተባለው መጠነኛ ውድድር፣ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው የአገሩ ልጅ ኮኪ ዋታናቤ ነው። 21 ለ 16 አሸነፈ፣ 15 ለ 21 ተሸነፈ፣ ሦስተኛውን 21 ለ 14 ወሰደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየው ዋንጫ ነው። በ2019 ቢሆን ይህን ያህል ትንሽ ውድድር ላይ ባልተገኘ ነበር።

በፓሪስ 2024 ጃፓንን በወንዶች ነጠላ የወከሉት ኮዳይ ናራኦካና ኬንታ ኒሺሞቶ ናቸው። ሞሞታ በሚያዝያ 2024 ጋዜጠኞችን ጠርቶ ከብሔራዊ ቡድን መልቀቁን ተናገረ። በልቡ የሚፈልገውንና ሰውነቱ የሚሰጠውን ማገናኘት እንዳቃተው ገለጸ። 29 ዓመቱ ነበር።

አንድ ጉዞ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ በቻይናዋ ቼንግዱ የሚካሄደው ቶማስ ካፕ። በ19 ዓመቱ ኒው ዴልሂ ላይ ያነሣው ያ ዋንጫ፣ ልክ አሥር ዓመት ቆይቶ። ብሔራዊ ቡድኑን ለመጨረሻ ጊዜ ተቀላቅሎ፣ ራኬቱን ይዞ፣ ከሱ በኋላ ከመጡት ወጣቶች ጎን ተቀመጠ። ጃፓን ሩብ ፍጻሜ ደረሰችና ወጣች። ያሸነፈቻት ማሌዥያ ነበረች።